የዶሮ ፕሮባዮቲክ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

«በቆሎው ሻግቶ ከሆነ ፕሮባዮቲክ ጣል አድርጋችሁ አብሉ፤ መርዙን ያረክሰዋል።» ይህን ምክር ለሰበታና ለሱሉልታ ዶሮ አርቢ የሚሰጥ ሰው ግማሽ እውነት ይዞ ሙሉ ቤት ዶሮ ያስጨርሳል።

ፕሮባዮቲክ በበቂ መጠን ሲሰጥ ዶሮዋን የሚጠቅም ሕያው ተሕዋስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ላክቶባሲለስ ወይም ባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ። ዋና ሥራው ቦታ መያዝ ነው። አንጀቱን ሚኒባስ ታክሲ አድርጉት፦ ደህና ተሳፋሪ ቀድሞ ከሞላው ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ወንበር ያጣል። ገና ለተፈለፈለ ጫጩት የሚመከረውም ለዚሁ ነው። አፍላቶክሲን፣ ማለትም ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ፣ ግን ተሳፋሪ አይደለም፣ ጭቃ ነው እንጂ። ተሳፋሪው ልብስ ላይ፣ ማለትም የባክቴሪያው ግድግዳ ላይ፣ ተለጥፎ ከኩስ ጋር ይወጣል። (የሞተ ላክቶባሲለስም ይይዘዋል።) ታዲያ ጭቃው መንገድ ላይ መልሶ ሊረግፍ ይችላል። ደግሞም መርዙ የሚመጠጠው ቀጭን አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው፤ አብዛኛው ባክቴሪያ የሚኖረው መጨረሻ ላይ፣ ዕውር አንጀት ውስጥ። ተሳፋሪው ሳይበዛ ጭቃው ጉበት ደርሷል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ ውሃ ውስጥ መበጥበጥ ለመርዝ ፋይዳ የለውም፤ ከመኖው ጋር በየቀኑ መግባት አለበት። አንዳንድ ባሲለስ መርዙን ይሰባብራል፣ ሁሉም ግን አይደለም፤ ንዑስ ዝርያው ጥቅሉ ላይ ካልተጻፈ አትመኑት።

አንቲባዮቲክ እየሰጡ ፕሮባዮቲክ መጨመርም ገንዘብ መጣል ነው፤ መድኃኒቱ ደህናውንም ተሳፋሪ ያወርዳል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪንም እንዲሁ። በውሃ የምትሰጡ ከሆነ ክሎሪኑን እንዲያረክስ አስቀድማችሁ በሊትር 2.5 ግራም ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት በጥብጡና 30 ደቂቃ አቆዩት።

መርዙ የሚቀነሰው መጋዘን ውስጥ ነው። እርጥበቱ ከ13 በመቶ በላይ የሆነ በቆሎ አትከምሩ፣ በተለይ በክረምት። ጆንያው በርብራብ ከመሬት ይነሳ፣ ከግድግዳም ይራቅ። የኑግ ፋጉሎን ተጠራጠሩ። መቀቀል ሻጋታውን ይገድላል እንጂ አፍላቶክሲንን አያጠፋም፤ ሻጋታ ያልታየበት መኖም መርዝ ሊኖረው ይችላል። ናሙና ስትወስዱ ደግሞ ከአንድ ጆንያ አፍ ብቻ አትዝገኑ፤ መርዙ አንድ ጥግ ሊከማች ስለሚችል ከብዙ ጆንያ፣ ከላይም ከመሃልም ከታችም ወስዳችሁ ደባልቁ። መኖ ውስጥ የሚደባለቀው ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ አፍላቶክሲንን በደንብ ይይዛል፤ ዲኦክሲኒቫሌኖል የሚባለውን ሌላ የሻጋታ መርዝ ግን እምብዛም፣ ስለዚህ ከመግዛት በፊት ምርመራ።

የፈንግል ክትባት በአግባቡ ተሰጥቶ ካልሠራ፣ የታረደች ዶሮ ጉበት ገርጥቶ ወይም ቢጫ ሆኖ ካበጠ፣ የአፍላቶክሲን ምልክት ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ የሚለወጠው መኖው ነው። ፕሮባዮቲኩ ከዚያ በኋላ።