የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ምንድን ነው?

ቀበና ድልድይ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ከዓይን አፍንጫ ይቀድማል። ሽታውን ለመድ ስታደርጉ በድንጋዩ ካብ መሃል ብቅ ብቅ ያሉ ቱቦዎች ይታያሉ። ካንዱ የሳሙና አረፋ ይወርዳል። ከሌላው የሚወርደውን መናገር አያስፈልግም። እነዚያ ቱቦዎች መሄድ የነበረባቸው ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ነበር።

ማጣሪያ ጣቢያ ሲባል ብዙ ሰው ኬሚካል እየተጨመረ ቆሻሻ ውሃ የሚጸዳበት ቦታ ይመስለዋል። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ግን ባክቴሪያዎች ናቸው። ነገሩ እንዲገባን ከወንዙ እንጀምር።

ወንዝ በተፈጥሮው ራሱን ያጸዳል። ትንሽ ቆሻሻ ሲገባበት በውሃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይበሉታል። ሲበሉ ግን በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ቆሻሻው ሲበዛ ኦክስጅኑ ያልቃል። ዓሣው ይሞታል። ከዚያ ያለ አየር የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዙታል፤ ውሃው ይጠቁራል፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። የአዲስ አበባ ወንዞች በበጋ የሚሸቱት ለዚህ ነው። ማጣሪያ ጣቢያ ማለት እንግዲህ ወንዙ አቅም ያነሰውን ሥራ፣ ፍሳሹ ወንዙ ጋ ከመድረሱ በፊት፣ በአጥር ግቢ ውስጥ ማሠራት ነው።

ቃሊቲ ያለውን ጣቢያ እንውሰድ። በዓለም ባንክ ገንዘብ የተሠራው አዲሱ ጣቢያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ታስቦ ነው የተገነባው። የድሮው 7,600 ገደማ ነበር። ፍሳሹ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው የብረት ወንፊት ነው። ጨርቅ፣ ፌስታል፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ሽንት ቤት ውስጥ መጣል ያልነበረበት ሁሉ እዚያ ይያዛል። ቀጥሎ አሸዋው ይዘቅጣል። ከዚያ ውሃው ከሥር ወደ ላይ በሚሞላ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ያልፋል። ገንዳው ውስጥ ያለው ወፍራም ዝቃጭ በባክቴሪያ የተሞላ ነው፤ ያለ አየር ቆሻሻውን ያብላላዋል። ሊጥ ተከድኖ ሲቦካ አስቡት። ከዚህ ሚቴን ጋዝ ይወጣል። የተረፈው ውሃ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች የተጣበቁበት ክምር ላይ ይረጫል። እነዚህኞቹ አየር ይፈልጋሉ፤ ውሃው በላያቸው ሲንጠባጠብ የቀረውን ይለቅሙታል። በመጨረሻ ዝቃጩ ይለያል፣ ይደርቃል። ውሃው ወደ ወንዝ ይለቀቃል።

ጣቢያው ለምን ቃሊቲ ሆነ? መልሱ ቁልቁለት ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ይላል። ፍሳሹ ያለ ፓምፕ፣ ያለ መብራት፣ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ብዙ ከተሞች ለዚህ ኤሌክትሪክ ይከፍላሉ። እኛ ተፈጥሮ የሰጠን ስጦታ አለ፤ የጎደለን ቱቦው ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝም እዚህ ጋ ነው። ጣቢያ ያልደረሰውን ፍሳሽ አያጣራም። ዋናው መስመር በመንገዱ ሥር አልፎ፣ ከሱ ጥቂት ሜትር ርቆ ያለ ቤት ግን ፍሳሹን ወደ ወንዝ የሚለቅበት ሰፈር ሞልቷል። በጠባብ ቅያስ ውስጥ ባሉ የድሮ መንደሮች መጣጭ ቦቴ መግባት አይችልም። ስለዚህ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሲሞላ ክረምት ይጠበቃል፤ ዝናቡ ሲያይል ይለቀቃል። ይህን የሚያደርገውን ሰው መውቀስ ቀላል ነው። አማራጭ ግን አልሰጠነውም። ለወንዝ ዳርቻ ልማት የሚወጣው ገንዘብ ደስ ይለኛል፤ በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ዕቅድ ለከተማዋ ትልቅ ነገር ነው። ዳርቻው አበባ ሆኖ ውሃው ጥቁር እንዳይቀር ግን እያንዳንዱን ቤት ከመስመሩ ጋር የምታገናኘው ያቺ አጭር ቱቦ በጀት ትፈልጋለች። አቅም ለሌለው ደግሞ መንግሥት ሊከፍልለት ይገባል ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ከማጣሪያው አትጠብቁ። ባክቴሪያ የሚበላው የሚበላ ነገር ነው። ቆዳ ለማልፋት የሚውለውን ክሮሚየም የተባለውን ብረት አይበላም። እንዲያውም ሲበዛበት ይመረዛል። የፋብሪካ ፍሳሽ እዚያው ፋብሪካው ግቢ መታከም ያለበት ለዚህ ነው። በአቃቂ ወንዞች ዳር ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን እንደሚመረት እናውቃለን። ጀርሙን በደንብ ማጠብና ማብሰል ይቀንሰዋል። አትክልቱ በሥሩ የሳበውን ብረት ግን እጥበት አያወጣውም።

ጣጣው በአዲስ አበባም አያበቃም። ሁለቱ የአቃቂ ወንዞች፣ ትልቁና ትንሹ፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፣ ከዚያ አዋሽ ይቀበላቸዋል፣ ቀጥሎ የቆቃ ግድብ። አዳማ የሚጠጣው ከአዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ከእኛ ቤት የወጣው ሁሉ ከዚህ ተፋሰስ አይወጣም።

ቤታችሁ ከመስመሩ ጋር ተገናኝቶ ከሆነ የጣሪያችሁን አሸንዳ ተከተሉት። የዝናቡ ውሃ ወደ ፍሳሽ ቱቦው ይገባል? ከገባ አስለዩት። የፍሳሽ ቱቦ ለዝናብ ተብሎ አልተሠራም። ሐምሌ ላይ ከየጣሪያው የሚወርደው ሲደመር ቱቦው ይሞላና የማንሆሉን ክዳን ገፍቶ አስፋልት ላይ ይፈሳል፤ ከአስፋልቱም ወደ ወንዙ። ጣቢያው የደረሰውም ቢሆን ብዛቱና ፍጥነቱ ባክቴሪያዎቹን ጠራርጎ ይወስዳቸዋል፤ እንደገና እስኪባዙም ጊዜ ይፈጃል። አሸንዳውን ለማዞር አንድ የቧንቧ ሠራተኛና የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃል።