«1 ፋይሎች ተሰርዘዋል»፦ ስለ ነጠላና ብዙ ቁጥር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንዲህ ያለ መልእክት ያላጋጠመው ሰው ያለ አይመስለኝም። ጥፋቱ ትንሽ ነው፤ የሚመጣው ግን ፕሮግራመሮች እንደ ቀላል ከሚያዩዋቸው ግምቶች ነው።

«ቁጥሩ 1 ከሆነ ነጠላ፣ ካልሆነ ብዙ። አለቀ።»

ሩሲያኛ ላይ ሲደርስ አያልቅም። እዚያ 1 ፋይል፣ 2 ፋይላ፣ 5 ፋይሎቭ ይባላል። ሦስት ቅርጽ ነው ብለን ልናልፈው ስንል 21 ይመጣል፤ እሱ ተመልሶ እንደ 1 «ፋይል» ነው። 11 ግን መጨረሻው 1 ሆኖ ሳለ «ፋይሎቭ» ይላል። ዐረብኛ ስድስት ምድብ (አንድ ዓይነት ቅርጽ የሚጋሩ ቁጥሮች ስብስብ) አለው፣ ጃፓንኛ አንድ ብቻ። ይህን ሁሉ በ«ኢፍ» («እንዲህ ከሆነ» በሚለው የኮድ ትእዛዝ) ደርድሮ መጨረስ ከንቱ ልፋት ነው። የየቋንቋው ደንብ ሲኤልዲአር በሚባለው የዩኒኮድ የመረጃ ክምችት ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ጃቫስክሪፕት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ደግሞ ለቁጥሩ ምድቡን የሚመርጥ ኢንትል ፕሉራልሩልስ (Intl.PluralRules) የሚባል መሣሪያ አለ።

««ዋን» የሚባለው ምድብ ቁጥር 1 ማለት ነው።»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሲኤልዲአር ለምድቦቹ «ዜሮ»፣ «ዋን» እያለ ስም ይሰጣል፤ «ዋን» የምድብ ስም እንጂ ቁጥር አይደለም። በሩሲያኛ 21ም 101ም እዚያው ይገባሉ። የአማርኛው ደንብ ደግሞ 0ን እና 0.5ን ከ1 ጋር ነው የሚያስቀምጠው። እንግዲህ ተርጓሚው እዚያ ቦታ «አንድ ፋይል ተሰርዟል» ብሎ በፊደል ጻፈ እንበል። ምንም ሳይሰረዝ ተጠቃሚው ፋይል ጠፋብኝ ብሎ ይደነግጣል! ቁጥሩ ሁልጊዜ በተለዋዋጭ (ፕሮግራሙ ራሱ ትክክለኛውን ቁጥር በሚሞላው ቦታ) ይግባ። ለ0 «ምንም ፋይል አልተሰረዘም» ማለት ከተፈለገ ኮዱ ውስጥ ለብቻው ይለይ። አንድሮይድ ላይ «ዜሮ» የሚለውን ምድብ መሙላት መፍትሔ ይመስላል፤ ግን እንግሊዝኛ ያ ምድብ ስለሌለው የተጻፈው ነገር ጭራሽ አይነበብም።

«1 እና 1.0 ያው ናቸው።»

ለሒሳብ አዎ። እንግሊዝኛ ግን 1.0ን በብዙ ቁጥር ይጽፋል፣ ፈረንሳይኛ ደግሞ 1.5ን በነጠላ። ስለዚህ ምድቡ የሚመረጠው ስክሪን ላይ በሚታየው ቁጥር መሠረት ነው።

«ስሙን ብቻ መቀያየር ይበቃል።»

አማርኛ ላይ አይበቃም። «ፋይል ተሰርዟል» ወደ «ፋይሎች ተሰርዘዋል» ሲሄድ ግሡም አብሮ ይለወጣል። ለተርጓሚ ቁርጥራጭ ቃል ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሰጠው።

«ከ1 በላይ ከሆነ «-ኦች» የግድ ነው።»

«10 ደቂቃዎች ቀርተዋል» ስህተት አይደለም፤ ግን ትርጉም ትርጉም ይሸታል። ሰው ሲናገር «10 ደቂቃ ቀርቷል» ነው የሚለው። መለኪያ ላይ እኔ ብሆን የነጠላውንም የብዙውንም ምድብ በነጠላው ቅርጽ እሞላለሁ፦ 5 ኪሎ ሜትር፣ 3 ሰዓት፣ 20 ሜጋባይት። በምሕፃረ ቃል ከተጻፈማ ጣጣም የለው፤ ኪ.ሜ. ለ1ም ለ500ም ያው ኪ.ሜ. ነው።