«ስማርት» ማለት ሸንቃጣ ነው? የጃፓን ተማሪዎችን የሚያሳስት አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል

አንድ ጃፓናዊ ከእረፍት ከስተው የተመለሱ የእንግሊዝኛ መምህሩን ሊያሞግስ ፈልጎ «ስማርት ሆነዋል» ቢላቸው፣ መምህሩ የሚሰሙት «አሁን ገና ብልህ ሆኑ» የሚል ነው። ሁለቱም ቃሉን ያውቁታል፤ የሚያውቁት ግን በየራሳቸው ቋንቋ ነው።

«ስማርት ሸንቃጣ ማለት ነው።»
በጃፓንኛ አዎ፤ «ሱማቶ» ቀጠን ብሎ ቅርጹ ያማረ ሰው ይባልበታል። እንግሊዝኛ ግን ለዚህ «ስሊም» የሚል ሌላ ቃል አለው።

«ጃፓኖች ቃሉን አበላሹት።»
ይህን አልቀበልም። በብሪታንያ እንግሊዝኛ ስማርት ዛሬም ጥንቅቅ ብሎ የለበሰ ሰው ይገለጽበታል። እ.ኤ.አ. ከ1873 ጀምሮ የብሪታንያ መኮንኖች ቶኪዮ ድረስ ሄደው የጃፓንን ባሕር ኃይል አሠልጥነዋል፤ የጃፓን መርከበኞች እስከ ዛሬ የሚደጋግሙት መፈክርም «ሱማቶ» ብሎ ይጀምራል። እዚያ ላይ ትርጉሙ ቀልጣፋና ዝርክርክነት የሌለበት ማለት ነው። ከአለባበስና ከአቋም እስከ ሰውነት ቅርጽ ደግሞ አንድ እርምጃ ነው። ተማሪው በጃፓንኛ ሲናገርበት ምንም አላጠፋም።

«ከመነሻው ብልህ ማለት ነበር።»
ከሁሉም የሚያስገርመኝ ይህ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሉ የሚያቃጥል፣ የሚያም ማለት ነበር፤ ሕመም የሚል ትርጉም ያለው የጀርመንኛው «ሽሜርትስ» ዘመዱ ነው። ግሱ አሁንም አልሞተም፦ ጭስ የገባበት ዐይን ሲያቃጥል እንግሊዞች በዚሁ ቃል ይናገራሉ። ከሚለበልብ ምት ወደ ሰላ ንግግር፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ወደ ፈጣን አእምሮ ተሻገረ። ጃፓናዊው ይህን መንገድ ከቤቱ ያውቀዋል። «ሱሩዶይ» የሚለው የራሱ ቃል ለስለታም ቢላም፣ ለሚወጋ ሕመምም፣ ነገር ቶሎ ለሚገባው ሰውም ያገለግላል። እኛም ቢላውንም አእምሮውንም «ስል» እንላለን። ለጃፓናዊ ተማሪ ከረጅም የትርጉም ዝርዝር ይልቅ «ሱሩዶይ» የምትለዋን አንዲት ቃል መስጠት ይሻላል ባይ ነኝ።

«ስማርት ስልክ በቅጥነቱ ነው የተሰየመው።»
አይደለም። ጃፓኖች አሳጥረው «ሱማሆ» የሚሉት ይህ ስልክ ስሙን ያገኘው እንደ ኮምፒውተር ስለሚሠራ ነው።

«ስማርት ሁልጊዜ ሙገሳ ነው።»
ድምፁን ያዳምጡ። እናት ለልጇ ቆጣ ብላ «ስማርት አትሁንብኝ» ስትለው የምትከለክለው ብልህነቱን ሳይሆን አጉል ብልጥነቱንና አፈ ጮሌነቱን ነው።