የሰው ህዋስ የተሸከሙ አይጦች እና ኤች አይ ቪ

ኤች አይ ቪ አይጥን አይዝም። ቫይረሱ ወደ ነጭ የደም ህዋስ የሚገባው ሲዲ4 እና ሲሲአር5 በሚባሉ ፕሮቲኖች በኩል ነው። የአይጥ ሲዲ4 ለእሱ የማይገጥም ቁልፍ ነው። በላብራቶሪ ዘዴ በግድ ቢገባ እንኳ በደንብ አይራባም። ስለዚህ ተመራማሪዎች የሰውን ህዋስ አይጥ ውስጥ መትከል ያዙ።

መነሻው 1983 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፊላደልፊያ ባለው ፎክስ ቼዝ የካንሰር ማዕከል እነ ሜልቪን ቦስማ ቲ እና ቢ የሚባሉት በሽታ ተከላካይ ህዋሶች የሌሉት አይጥ አገኙ። ስኪድ ይባላል። ባዕድ ህዋስ ሲገባበት አይዋጋም።

በ1988 ሁለት ቡድኖች ይህን አይጥ በየፊናቸው ተጠቀሙበት። ስታንፎርድ የነበሩት እነ ማክዩን ከፅንስ የተወሰደ የታይመስ (ቲ ህዋስ የሚበስልበት አካል) እና የጉበት ቁራጭ ተከሉበት። እነ ሞዢየር ደግሞ ከአዋቂ ሰው ደም የተለየ ነጭ ህዋስ ሆዱ ውስጥ ወጉት። የሞዢየሩ ቀላል እና ፈጣን ነው፤ ግን የሰው ህዋሶቹ ውለው አድረው አይጡን ራሱን ማጥቃት ይጀምራሉ። የማክዩን አይጥ በዚያው ዓመት በኤች አይ ቪ ተያዘ። ለአንዲት ትንሽ እንስሳ ትልቅ ዓመት ነበር።

ከዚያ በ2002 የጃፓኑ ኖግ፣ በ2005 የጃክሰን ላብራቶሪ ኤንኤስጂ የሚባሉ የአይጥ ዝርያዎች መጡ፤ ሁለቱም የሰው ህዋስን በተሻለ ይቀበላሉ።

በ2006 ዳላስ ውስጥ እነ ቪክቶር ጋርሲያ ቢኤልቲ የሚባለውን አቀረቡ። ስሙ ከመቅኒ፣ ከጉበት እና ከታይመስ የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላት የመጣ ነው። የሰው ህዋስ አንጀቱ እና ብልቱ ድረስ ስለሚደርስ፣ ቫይረሱ በግንኙነት የሚተላለፍበትን መንገድ ማየት ተቻለ። በ2008 ኤምትሪሲታቢን እና ቴኖፎቪር የሚባሉ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ቀድመው የተሰጣቸው ሴት አይጦች በብልታቸው በኩል ለቫይረሱ ሲጋለጡ አንዳቸውም አልተያዙም። ካልተሰጣቸው ግን 88 በመቶው ተያዙ። እነዚሁ መድኃኒቶች ለሰው መከላከያነት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀዱት በ2012 ነው። የዝንጀሮ ጥናቶችም ድርሻ አላቸው፣ አይካድም። የአይጦቹ ግን በቅጡ አልተወራላቸውም።

በ2019 የቴምፕል እና የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲዎች ረጅም ጊዜ የሚሠራ መድኃኒትን ክሪስፐር ከሚባለው ዘረ መል መቁረጫ ጋር አጣምረው፣ ከአይጦቹ ሲሶ ያህሉ ላይ ቫይረሱን አጠፋን አሉ። «ጠፋ» ወይስ «አልተገኘም» የሚለው ያከራክራል። ክሪስፐሩ ሰው ላይ ሲሞከር፣ በ2024 እንደተነገረው፣ ለጤና አላሰጋም፤ ግን መድኃኒት ባቆሙት ላይ ቫይረሱ ተመለሰ።

ቢኤልቲ የፅንስ ህዋስ ስለሚፈልግ ፖለቲካም ነክቶታል። የአሜሪካ መንግሥት በ2019 ገደብ ጣለ፣ በ2021 አነሳ። አማራጩ የእትብት ደም ነው። ያኔ ግን የሰው ቲ ህዋስ የሚበስለው በአይጡ ታይመስ ስለሆነ፣ የራሱን ወገን ለይቶ ማወቅ ላይ ይደናገራል።