የሃንደል «መሲሕ» በአዲስ ቅንብር፦ ከሞዛርት እስከ ጎስፔል

«መሲሕ» ጆርጅ ፍሬድሪክ ሃንደል በ1741 ለንደን ውስጥ የደረሰው ኦራቶሪዮ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኦራቶሪዮ ማለት በመዘምራን፣ በሶሎ ዘማሪዎችና በኦርኬስትራ የሚቀርብ፣ ትወና የሌለው ረጅም ሥራ ነው። ሃንደል በ24 ቀን ጨረሰው። ቃሉን ከመጽሐፍ ቅዱስ መርጦ ያሰናዳለት ቻርልስ ጄነንስ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው «ሃሌ ሉያ» የሚለውን ዝማሬ ብቻ ቢሆንም፣ ሥራው ሦስት ክፍል አለው፤ ሙሉው ሲዘመር ከ2 ሰዓት ያልፋል።

መጀመሪያ የተሰማው ኤፕሪል 13 ቀን 1742 ደብሊን ውስጥ ነበር። አዳራሹ ብዙ ሰው እንዲይዝ ወንዶቹ ሰይፋቸውን ቤት ትተው እንዲመጡ ተለመኑ። ለበጎ አድራጎት ከዋለው ገቢ 142 ሰዎች ከዕዳ እስር ተፈቱ። የእንግሊዙ ንጉሥ ጊዮርጊስ 2ኛ በኋላ ለንደን ውስጥ «ሃሌ ሉያ» ሲዘመር ተነሥተው ቆሙ የሚባለው ግን በጊዜው የተጻፈ ማስረጃ የለውም።

ይህን ሥራ በሌላ ስልት ማቅረብ ድፍረት የሚመስላቸው አሉ። እኔ አይመስለኝም። ሃንደል ራሱ በ1750 ጓዳኚ የሚባል ጎበዝ ዘማሪ ሲያገኝ አንዱን ሶሎ ለእሱ ብሎ እንደ አዲስ ጽፎታል። ሞዛርትም በ1789 በጀርመንኛ አዘጋጅቶ ክላሪኔትና ፍሉት ጨመረበት።

በ1979 ሙዚቀኛው ቶም ፓርከር ኒው ለንደን ኮራል ከሚባሉት መዘምራን ጋር በፖፕ ስልት አወጣው።

ትልቁ ነገር የመጣው በ1992 ነው። ሙዚቀኛው ሜርቪን ዋረን ከሌሎች ጋር ሆኖ የጥቁር አሜሪካውያን አርቲስቶችን ሰብስቦ «የሃንደል መሲሕ፦ ነፍስን የሚነካ ክብረ በዓል» ልንለው የምንችለውን አልበም ሠራ። መግቢያው የጥቁሮችን ሙዚቃ ታሪክ በደቂቃዎች ውስጥ ያስቃኛል፤ ከባርነት ዘመን መዝሙር ተነሥቶ በራግታይም፣ በቢግ ባንድና በጃዝ አልፎ ሂፕ ሆፕ ጋ ይደርሳል፣ የሃንደል ዜማ ግን ከሥር አይጠፋም። ስቲቪ ወንደር ቴክ 6 ከሚባለው የዘማሪዎች ቡድን ጋር፣ ፓቲ ኦስቲን፣ አል ጃሮ፣ ትራሜይን ሆኪንስ አሉበት። «ሕፃን ተወልዶልናልና» የሚለውን ሳውንድስ ኦፍ ብላክነስ የሚባሉት መዘምራን ናቸው የሚዘምሩት። በመጨረሻው «ሃሌ ሉያ» ላይ መሪው ኩዊንሲ ጆንስ ነው። አልበሙ ግራሚ አግኝቷል፤ ይገባዋልም።

ቅንብሩ ለምን እንደተሳካ ለመረዳት «ሸለቆው ሁሉ ከፍ ይላል» የሚለውን ማድመጥ ይበቃል። ሃንደል «ከፍ ይላል» የሚለው ቃል ላይ ዘማሪውን በአንድ ትንፋሽ ረጅም ደረጃ ያስወጣዋል። «ጠማማው» ላይ ዜማው በሁለት ኖታ መካከል ወዲያ ወዲህ ይላል። የጎስፔል፣ ማለትም የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ ዘማሪ ደግሞ አንድን ቃል እንዲህ ማጥመዝመዝ፣ መዘርጋትና መመለስ ከልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የለመደው ነገር ነው። ኳየር ውስጥ የዘመረ ሰው ወዲያው ይገባዋል፦ ሁለቱም የሚነሡት ከቃሉ ነው።

በ1993 የኦርኬስትራ መሪዋ ማሪን አልሶፕ ለቦብ ክርስቲያንሰንና ለጋሪ አንደርሰን ሥራውን ለመድረክ እንዲያቀናብሩት ሰጠቻቸው። ኒው ዮርክ ላይ ተጀመረ። ሳክስፎን፣ ኦርጋንና ድራም ከኦርኬስትራው ጋር ይገባሉ፤ ሶሎ ዘማሪዎቹ ከኖታው ወጣ ብለው በራሳቸው መንገድ ይዘምራሉ፣ መዘምራኑም ያጨበጭባሉ። ቺካጎና ዲትሮይት ውስጥ በማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ሰሞን ሲቀርብ ቆይቷል። የንጹሕ ክላሲክ ወዳጆች ጩኸት በዛበት ይሉታል። እውነት ነው፣ በዝግታ መሰማት ያለባቸው አንዳንድ ክፍሎች እዚህ ላይ ይጣደፋሉ። «ሃሌ ሉያ» ላይ ግን የሚያማ ሰው አላውቅም።

በ2020፣ በኮቪድ ምክንያት አዳራሽ ሁሉ ሲዘጋ፣ ካናዳ ውስጥ አንድ የቶሮንቶ የኦፔራ ቡድን ከከተማው ሲምፎኒ ጋር በቪዲዮ አዘጋጀው። 12 ሶሎ ዘማሪዎች ከየግዛቱ ተካፈሉ። ከመካከላቸው በአረብኛ፣ በፈረንሳይኛና በኢኑክቲቱት፣ ማለትም በሰሜኑ ነባር ሕዝብ ቋንቋ፣ የዘመሩ ነበሩ። የሶሎ ዘማሪዎቹ ቪዲዮም የተቀረጸው በየአካባቢያቸው ነው።