በቤት የሚሠራ የመስታወት ዓሣ ገንዳ በሰሜን ሸዋ

የመስታወት ዓሣ ገንዳ ወይም አኳሪየም ከአምስት ቁራጭ መስታወትና ሲሊከን ከሚባል ማጣበቂያ የሚሠራ የቤት ዕቃ ነው። በሰሜን ሸዋ የአየሩ ጠባይም በሥራው ይገባበታል፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ደብረ ብርሃን ተነስቶ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ውርጩንም ሙቀቱንም በአንድ ቀን ያገኛቸዋል።

ገንዳን የሚያፈነዳው የውሃው ቁመት ነው። 80 ሳንቲ ርዝመት፣ 35 ወርድና 40 ቁመት ያለው ገንዳ ወደ 105 ሊትር ይይዛል፤ የፊቱን መስታወት ውሃው ከ60 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ይገፋዋል። ቁመቱ 50 ቢደረግ ግፊቱ ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። ወርዱን ማስፋት ግን በፊቱ መስታወት ላይ ምንም ጫና አይጨምርም። ስለዚህ ትልቅ ገንዳ የሚፈልግ ሰው ወርዱን ቢያሰፋው ይሻላል።

ለዚህ ልክ 8 ሚሊ መስታወት አስተማማኝ ነው። አራቱ ግድግዳዎች በወለሉ መስታወት ላይ ይቆማሉ። የጎኖቹ ቁራጮች በፊትና በኋላው መካከል ስለሚገቡ፣ ለሲሊከኑም ክፍተት ተትቶ፣ 35 ሳይሆን 33.2 ሳንቲ ይቆረጣሉ፤ መስታወት ቆራጩ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። የተቆረጠው ጠርዝ በውሃ በራሰ የብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል፤ መጋጠሚያው በአልኮል ይጠረጋል፤ ከዚያ በኋላ በጣት አይነካም። ከላይ፣ ከፊትና ከኋላው ጠርዝ ጋር፣ ቀጭን የመስታወት ቁራጭ በርዝመቱ ቢለጠፍ መሐሉ ወደ ውጭ አይለጠጥም።

ሲሊከኑ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው፣ የሻጋታ መከላከያ ያልገባበት መሆን አለበት፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ዓሣ ይገድላል። ሲሊከን የሚደርቀው የአየሩን እርጥበት እየሳበ ነው። በደብረ ብርሃን ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ደረቅና ብርዳም በመሆኑ ይዘገያል፤ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ መታገሥ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ውጭ ተሞልቶ ይፈተናል።

ገንዳው ከነውሃውና ከነአሸዋው ከ140 ኪሎ ያልፋል። የቱቦላሬ ብረት ማቆሚያ ይሸከመዋል፤ ነገር ግን በውሃ ልክ መስተካከልና ከገንዳው ሥር ፎም መነጠፍ አለበት። አንዲት ጠጠር ከሥሩ ብትቀር ወለሉን ልትሰነጥቀው ትችላለች።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ክዳን በሌለው ዕቃ አንድ ቀን ያድራል። ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች እስኪበዙም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ በብርድ ከዚያም ይረዝማል። በደጋው ወርቃማ ዓሣ ያለ ማሞቂያ ይኖራል፤ ጉፒን ለመሰሉት የሞቃት ውሃ ዓሣዎች ግን ከ100 እስከ 150 ዋት ማሞቂያ ያስፈልጋል። ከፍታው ውሃው የሚይዘውን ኦክስጅን ስለሚቀንስ የአየር ፓምፕ አይቅር። በሸዋ ሮቢት ማሞቂያው ይቀራል፤ እዚያ ሥራው በሙቀት የሚተነውን ውሃ መተካት ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ከ30 ሳንቲ በላይ ስለሚያድግ ለኩሬ እንጂ ለዚህ ገንዳ አይሆንም።