የጋራ ወርክሾፕ ምንድን ነው? ከሼድ በምን ይለያል?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ በሬዲዮ ሲናገሩ ሰማሁ፦ «አዳማ የፈጠራ ሰው ሞልቷታል፤ የጎደላት የጋራ ወርክሾፕ ነው፤ ስለዚህ ሼድ ተሠርቶ ማሽን ይከፋፈል።» የመጀመሪያውን እቀበላለሁ፣ ሁለተኛውንም እቀበላለሁ። ሦስተኛው ግን ሁለተኛውን ያፈርሰዋል። በየስብሰባው ይኸው አነጋገር ሲደጋገም ዝም ብዬ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ግን ልናገር።

ሼድ የተደራጀ ማኅበር ውል ፈርሞ ለተወሰነ ጊዜ የሚያመርትበት ቦታ ነው። ማሽኑም ቁልፉም የማኅበሩ ነው። ብዙ ሰው እንጀራ በልቶበታል፣ አላጣጥለውም። የጋራ ወርክሾፕ ውስጥ ግን በቋሚነት የሚያመርት ሰው የለም። ያሰበውን ሊሞክር የፈለገ ሰው ለጥቂት ሰዓት ገብቶ፣ ሠርቶ፣ የሰዓቱን ከፍሎ ይወጣል፤ ማሽኑም ለቀጣዩ ይቀራል። ማሽን የተከፋፈለ ዕለት «የጋራ» የሚባል ነገር አብሮ ተከፋፍሏል።

አንድ ሰው ለቦሰት ገበሬዎች የበቆሎ መፈልፈያ ልሥራ ብሎ ተነሣ እንበል። ፍሬሙን ከቱቦላሬ ቆርጦ ሠፈሩ ያለ በያጅ ጋ ያስበይዳል፤ ከበሮውን ከላሜራ ይጠቀልላል። እዚህ ድረስ ማንንም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከበሮውን ይዞ የሚሽከረከረው ዘንግ ነው። ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረው 6205 የሚባለው ኩሽኔታ የውስጥ ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ነው። ከገበያ «ባለ 25» ተብሎ የሚገዛው ድፍን ብረት ግን ልክ 25 ሆኖ አይገኝም። ትንሽ ከወፈረ ኩሽኔታው በመዶሻ ተመትቶ ይገባል፣ ብዙም ሳይቆይ ይጮኻል። ከቀጠነ ደግሞ ዘንጉ ቀዳዳው ውስጥ ለብቻው ይሽከረከርና ይበላል። እዚህ ላይ የምናወራው ስለ መቶኛ ሚሊ ሜትር ነው፤ በዓይንና በሜትር የሚያዝ ነገር አይደለም። ይህ ሰው ቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያሽከረከረ በልኩ የሚቆርጥ ማሽን፣ የሚያስፈልገው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለወራት ላይነካው ይችላል።

«ታዲያ ቶርኖ ቤት ወስዶ አያሠራም?» የሚል አይጠፋም። ልኩን ጨርሶ ለሚመጣ ሰው ቶርኖ ቤት ይበቃል፣ እንዲያውም ይሻላል። አዲስ ነገር የሚሠራ ሰው ግን ልኩን ገና አላወቀም። ዛሬ 25 ያለውን ነገ 30 ይለዋል፣ በማግስቱ ቀዳዳውን ማዛወር ያምረዋል። ቶርኖ ቤቱ በየለውጡ ያስከፍላል፤ የመኪና ዕቃ ከመጣም ወረፋው ያልፈዋል። ደግሞም ለምን እንደሚለውጠው የሚጠይቀው የለም።

ያ ጥያቄ ነው ምክር የሚባለው። ደህና አማካሪ ስለ ዘንጉ ውፍረት ከማውራቱ በፊት «ሞተርህ ስንት ዙር ነው?» ይላል። ባለ 4 ፖል ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ መብራት በደቂቃ 1,440 ዙር ገደማ ይዞራል። ሞተሩ ላይ የ10፣ ከበሮው ላይ የ20 ሳንቲ ሜትር ፑሊ (ቺንጋ የሚዞርበት ጎማ) ብታስር ከበሮው ወደ 720 ይወርዳል። እኩል ፑሊ ካሰርክ ግን ከበሮው ከልክ በላይ ይፈጥንና በቆሎውን ይሰባብረዋል፤ አንተም ጥፋቱን ዘንጉ ላይ ስትፈልግ ትከርማለህ። ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን በሚባለው አገልግሎት ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት በክህሎት፣ በቴክኖሎጂ፣ በካይዘንና በኢንተርፕረነርሺፕ ድጋፍ እንዲሰጡ ኃላፊነት አለባቸው። አሠራሩ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ምክሩ አዳራሽ ውስጥ በስላይድ ተሰጥቶ በሰርተፊኬት ሲያልቅ ግን ከፑሊው ጋር ሳይተዋወቅ ይቀራል።

ለሚጠይቁኝ ሁሉ ወፍጮ ቤትን አስቡ እላለሁ። ኩንታል ጤፍ ያለው ሁሉ ወፍጮ አይገዛም፤ በኪሎ ከፍሎ አስፈጭቶ ይሄዳል። ጤፍና በርበሬ በአንድ ወፍጮ አይፈጩም፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እንጀራው ያቃጥለዋል። እኛ ጋም፣ በጋራ ወርክሾፕ፣ የእንጨት ሥራና ግራይንደር ከቶርኖው ክፍል ይለያሉ፤ የግራይንደር ብናኝ የቶርኖው ሐዲድ ላይ ካረፈ እንደ ሞረድ ይበላዋል። የወፍጮው ድንጋይ ሲደነዝ ይወቀራል፤ የሚወቅረው ጤፍ ይዞ የመጣው ደንበኛ አይደለም፣ ሒሳቡ ግን በኪሎ ዋጋው ውስጥ አለ። የኛም የቶርኖ ቢላዋ፣ ዘይትና ጥገና በሰዓት ክፍያው ውስጥ ካልገባ ወርክሾፑ በጸጥታ ይሞታል። ኀምሳ ኩንታል ይዞ ወፍጮውን ሳምንት ሙሉ የሚይዝ ነጋዴም የራሱን ወፍጮ እንዲተክል ይነገረዋል፤ ሙከራው ሠምሮለት በብዛት ማምረት የጀመረ ሰው ወደ ሼድ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ይሁንና ወፍጮ ቤት የገባ ጤፍ ዱቄት ሆኖ እንደሚወጣ የታወቀ ነው። እኛ ጋ የገባ ሐሳብ ግን አይሆንም ተብሎም ሊወጣ ይችላል፤ ይህም ብዙ ብር ሳይወጣ ከታወቀ ውጤት ነው። «ስንት ፈጠራ ወደ ምርት ገባ?» ብቻ ብሎ የሚጠይቅ ሪፖርት ይህን አይቆጥርም።

ማሽን ገዝቶ መደርደር ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ለማየት ሩቅ አገርም ማየት ይቻላል። ቴክሾፕ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 በካሊፎርኒያ ተከፍቶ፣ በአባልነት ክፍያ የሚሠራ የጋራ ወርክሾፕ ሆኖ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ተስፋፋ። ማሽንም አባልም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኅዳር ውስጥ በአሜሪካ ያሉትን ቅርንጫፎች በድንገት ዘግቶ ወደ ኪሳራ ሄደ። የአባላቱ ክፍያ ወጪውን አልሸፈነለትም።

መብራቱንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ደህና ቶርኖ ባለ 380 ቮልት 3 ፌዝ ይፈልጋል፤ ሞተሩ ሲነሣ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ከረንት ይስባል። አሥር ማሽን ከመጠየቅ በፊት ቆጣሪው ስንት እንደሚችል መጠየቅ ይቀድማል። ፕላስቲክ አቅልጦ እየደራረበ ቅርጽ የሚሠራውን ስሪዲ ፕሪንተር ብቻ ገዝተው «ወርክሾፕ ከፈትን» የሚሉም አሉ። ፕሪንተሩ የሚሠራበት ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ በአዳማ ፀሐይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተረሳ ናሙና ተጣሞ ይጠብቃችኋል።

«ሰው ሁሉ እያየ ብሠራ ፈጠራዬ አይሰረቅም ወይ?» ተገቢ ሥጋት ነው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ራስህ ለሕዝብ የገለጥከው ፈጠራ አዲስነቱን እንዳያጣ ከገለጥክበት ቀን አንሥቶ በ12 ወር ውስጥ ማመልከት አለብህ። እንደ በቆሎ መፈልፈያው ላለ ማሻሻያ ብዙውን ጊዜ የሚስማማው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ነው፤ ለ5 ዓመት ይሰጣል፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ፓተንት 15 ዓመት ነው፣ መስፈርቱም ይከብዳል። እኔ የብረት ሰው ነኝ፤ የማመልከቻውን አጻጻፍ የሕግ ባለሙያ ይይልህ።

አስተያየት ሰጪው በጀቱን ቢሰጡኝ ምን እንደምገዛበት ልንገራቸው። አንድ ደህና ቶርኖ፣ አንድ ባለ ዓምድ ትራፓኖ (መብሻ ማሽን)፣ የብየዳ ማሽን፣ ለልክ መለኪያ ካሊፐርና ማይክሮሜትር፤ የተረፈው ለሁለት ሰዎች የሦስት ዓመት ደመወዝ ይሁን። አንደኛው ማሽኑን የሚጠብቅና የሚያሠለጥን፣ ሁለተኛው ወረፋውን የሚይዝ፣ ሒሳቡን የሚሰበስብና «ሞተርህ ስንት ዙር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ።